እሳት የሚገባበት እሑድ

እማዬ እሑድ ከዋካያማ የምትመጣው እኔን ልትወስደኝ ነው። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ራሷ በስልክ ነግራኛለች። «ማዶካ፣ ያ የምትሉት ሣጥን ዓይኔ እያየ ከሠራ ትቆያለሽ። ካልሠራ ጓዝሽን ጠቅልለሽ በማታው ባቡር አብረን እንመለሳለን» አለችና ዘጋችው። እማዬ ስልክ ስትዘጋ ደህና ሁኚ ብሎ ነገር አታውቅም።

መመለስ ማለት እሷ የምትሠራበት ፋብሪካ መግባት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የጎማ ቦት ጫማ አጥልቆ ኡሜ የተባለውን ጎምዛዛ ፍሬ በጨው መዘፍዘፍ፣ ማውጣት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ማታ ስትገባ ጣቶቿ ተጨማደው ራሱን ኡሜውን ይመስላሉ። ሥራውን አልንቀውም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ከአንድ ቤት አንድ ሰው በጨው መዘፍዘፉ ይበቃል።

ትምህርት? እሱን ትቼዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ገና ከመግባቴ እኔ ትምህርት ቤቱን አልወደድኩትም፣ እሱም እኔን አልወደደኝም፤ ያለ ሽማግሌ ተስማምተን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ኦሳካ አጎቴ ዘንድ ነኝ።

አጎቴ ሞሪሂኮ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ኒፖንባሺ በሚባለው ሰፈር ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ታኮያኪ ከተባለው የሊጥ ኳስ ጠባሽ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ሱቅ አለችው። ታች ጎዳናው ላይ ቀሚሳቸው የተነፋ ልጃገረዶች ለአላፊ አግዳሚው የካፌ ማስታወቂያ ያድላሉ። ላይ ደግሞ አጎቴ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አስሮ በመስታወት አምፖል የሚሠራ የሙዚቃ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ይገጣጥማል። ዛሬ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ የእሱ ደንበኞች ግን እንደ ፋኖስ የሚግል ነገር ፊታቸው ካላዩ ሙዚቃ የሰሙ አይመስላቸውም። እብደት ነው። ተላላፊ መሆኑን ማን ነገረኝ?

እማዬ ሣጥን ያለችው አሁን የምንሠራውን አምፕሊፋየር ነው፤ የማሞቂያ መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አምፖሉ ውስጥ ቀጭን ክር አለ፤ ክሩ ካልጋለ አምፖሉ ሬሳ ነው። ለክሩ እሳት የሚያደርሱት ገመዶች ከሌላው ሁሉ በፊት ይዘረጋሉ፣ ቤት ሳይቆም የፍሳሽ ቦይ እንደሚቆፈረው። እኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ገመድ ወስዶ መበየድ ምን ጥበብ አለው?

አጎቴ የመጀመሪያ ሥራዬን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ገመድ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ የኡዶን ፓስታ ያዘዝኩ መሰለኝ። አፍርሺው።»

«ምኑ ነው የሚፈርሰው? ይደርሳል፣ ነክቷል፣ ተበይዷል።»

«ይደርሳል። ጫጫታውንም ይዞ ይደርሳል። እዚህ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ አርፎ አይቀመጥም፤ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እንዳንቺ። ሁለቱ ገመዶች እንደ ሹሩባ ተጠማዘው ካልሄዱ አንዱ የሌላውን ጫጫታ አይውጥለትም። ያኔ ሰውየው ዘፈን ሊሰማ ተቀምጦ የጓዳውን ፍሪጅ ይሰማል። አፍርሺው።»

አፈረስኩት። የገመዱን አንድ ጫፍ በር እጀታ ላይ አስሬ፣ ሌላውን የእጅ መሰርሰሪያ አፍ አስነክሼ እየዘወርኩ ጠመዘዝኩት። ከዚያ ወደ ብረቱ ሣጥን ጥግ እየገፋሁ አስተኛሁት፤ በየአምፖሉ መቀመጫ ዘንድ ብቻ አንገቱን ቀና ያደርጋል። የአምፖሎቹም ሆድ አንድ ዓይነት አይደለም። ትንንሾቹ ስድስት ቮልት ከምናምን ይበላሉ። ኤሌክትሪኩን አንድ አቅጣጫ የሚያስይዘው አምስት ይበላል። ሁለቱ ትልልቆች፣ ድምፁን የሚያወጡት፣ ሁለት ተኩል ብቻ። የአንዱ ድርሻ ለሌላው ከተሰጠ ክሩ ብልጭ ይልና በቃ፣ ቀብር ነው።

እነዚያ ሁለት ትልልቆች ደግሞ የእኛ አይደሉም። የአቶ ኩዋባታ ናቸው። አቶ ኩዋባታ ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ሲሆኑ አምፖሎቹን በወጣትነታቸው ገዝተው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ ከቤት ቤት ሲያዞሯቸው ኖረዋል። የሚሠራቸው ፋብሪካ የለም፤ ቢሰበሩ ምትክ የለም። አጎቴ «ሚስታቸውን እንደዚህ አቅፈዋት ቢሆን አትፈታቸውም ነበር» ይላል፤ እሳቸው በሌሉበት እርግጥ።

አዲስ አምፕሊፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በዚህ ሙያ ሰዎች አፍ «እሳት ማስገባት» ይባላል። ልክ እንደ ሸክላ ምድጃ። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማራገቢያው ይጠፋል፤ ማንም አያወራም። አጎቴ ታች ወርዶ ታኮያኪ ጠባሹን ሳይቀር «ለትንሽ ጊዜ ሊጡን አትምታው» ብሎ ይለምነዋል። የእኛ ቀን ያችው እሑድ ነበረች፤ እኔም የእማዬን መምጫ ሰምቼ ሌላ ቀን ይሁን ብል አጎቴ እምቢ አለ። «እናትሽ ማየት ነው የፈለገችው፤ እንግዲህ ትይ።»

እሱ ምን አለበት! ጓዙን የሚጠቀልለው እሱ አይደል።

እሑድ ጠዋት አምፖሎቹን ሳንሰካ ለካን። ከሥራው ጠረጴዛ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሁለት መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ። የግራው እንደማንኛውም ቤት መቶ ቮልት ነው። የቀኙ ግን ከጠረጴዛው ሥር ካለው ከባድ ትራንስፎርመር የሚመጣ ስለሆነ መቶ አሥራ ሰባት ይሰጣል፤ አጎቴ የአሜሪካ ዕቃ ሲጠግን እዚያ ነው የሚሰካው። መልካቸው መንታ ነው። ምልክትም አልተደረገባቸውም፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ግራው ላይ ሰክቼ አበራሁና የቮልት መለኪያውን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አንዱ ትልቅ አምፖል በሚቀመጥበት ላይ አስደገፍኩ። ሁለት ነጥብ ሰባት።

«በዛ!» አልኩ።

«ባዶ ገበታ ሁልጊዜ የተትረፈረፈ ይመስላል» አለ አጎቴ። «በላተኞቹ ሲቀመጡ ይወርዳል። ከተቀመጡ በኋላ ግን ዓይንሽ ከቀለማቸው አይነሣ። የበሰለ ካኪ፣ ያን ብርቱካንማ ፍሬ፣ መምሰል አለባቸው። ከካኪ አልፈው አስኳል ከመሰሉ ከአቅማቸው በላይ እየበሉ ነው።»

አምፕሊፋየሩን አጥፍተን፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ትተን፣ አቶ ኩዋባታን ከአውቶቡስ ማቆሚያ ልንቀበል ወረድን። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አምፖሎቹን ደግሞ ለአጎቴ እጅ እንጂ ለደረጃው አያምኑም። እማዬ ገና ከሰዓት በኋላ ነው የምትደርሰው ብለን በሩን ዝም ብለን ገፋ አድርገን ነበር የሄድነው።

ስንመለስ እማዬ ሱቁ ውስጥ ቆማለች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጨርቅ ይዛ።

«ይሄ ሱቅ ነው ወይስ የአይጥ ሰፈር?» አለች ለወንድሟ።

«ኪኑ፣ መጀመሪያ ሰላም ይባላል።»

«ሰላም ነኝ። ጠረጴዛህን ወልውዬልሃለሁ።»

አጎቴ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ነካሽ? ምን ነካሽ ስልሽ፣ የትኛውን ነካሽ ማለቴ ነው።»

«አቧራ ነካሁ። ዕቃው እንዳለ ነው፣ አንዲት ብሎን አላነሣሁም። ሰው አዲስ ነገር ሠርቶ አቧራ ያለብሳል?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ቀጥነሻል።»

«አልቀጠንኩም፤ ረዝሜ ነው።»

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የመበየጃ ካውያ ነካኝ።»

«እኔ ጋ ጨው ነበር የሚነካሽ። ጨው አያቃጥልም።»

መልስ ነበረኝ፤ ሦስት መልስ ነበረኝ። ነገር ግን አቶ ኩዋባታ ቆመዋልና ዋጥኩት። እማዬ ለእሳቸው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ያመጣችውን የኡሜ ማሰሮ አቀረበች፤ ትኩስ ሻይ ቀዳች። ሻዩን ለብቻዋ አፍልታ ነበር የጠበቀችን። የጉዞ ቦርሳዋ ከወንበሩ እግር ሥር ተቀምጧል። ባዶ መሆኑን አየሁ። ለእኔ ልብስ ነው።

አቶ ኩዋባታ ጥጡን ፈቱ። ሁለቱን ትልልቅ አምፖሎች አጎቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ በየመቀመጫቸው አስገባ። ሁልጊዜ ከሰካ በኋላም አንዴ በቴስተር ይለካ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን እህቱ ፊት ነበርና እንደ ቄስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቴስተሩን አላነሣም። እኔም «ለካ» አላልኩትም።

«እሳት እናስገባለን» አለና ቁልፉን ጫነ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አምፖሎቹ ውስጥ ቀይ ነገር ታየ፤ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ ወጣ። ካኪ። የበሰለ ካኪ! ልቤ ከደረቴ ወጥታ ታኮያኪ ጠባሹ ላይ ልትወድቅ ነበር። አጎቴ የሸክላውን መርፌ አሳረፈ፤ አንዲት የጥንት ሴት ዘፋኝ ከስፒከሩ ውስጥ ትንፋሽ ስትወስድ ተሰማን። ትንፋሿ ራሱ ተሰማን! አጎቴ ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። አቶ ኩዋባታም ጨፈኑ። እማዬ አልጨፈነችም፤ ግን ጨርቁን የያዘ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ቋጠሮ ስትፈታ አየሁ። ያቺን ቋጠሮ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የማውቃት፤ ተፈትታ አይቻት አላውቅም።

አሸነፍኩ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወደ አምፖሎቹ ተመለከትኩ።

ካኪ አልነበሩም።

የመስኮቱ ብርሃን ይሆናል ብዬ ራሴን ወዲህ አዘነበልኩ። አይደለም። ሁለቱም ክሮች ነጣ ብለዋል፤ ወደ ቢጫ ሄደዋል፤ የእንቁላል አስኳል ሆነዋል። በግራው አምፖል ውስጥ ክሩን የከበበችው ጥቁር ብረት ጠርዟ ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት ያወጣች መሰለኝ። አጎቴን አየሁት፤ ጨፍኗል። አቶ ኩዋባታን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዘፈኑ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ዝም ብል ያልቃል። ሲያልቅ እማዬ «እሺ» ትላለች፤ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ክር ደግሞ በአንድ ዘፈን ይቃጠላል ያለ ማን ነው? ምናልባት ይችላል። ምናልባት እኔ ነኝ የፈራሁት፤ ሰው ሲፈራ ካኪም አስኳል ይመስለዋል። ካጠፋሁት ደግሞ አልቆለታል፤ ዓይኗ እያየ አልሠራም ማለት ነው። ቦርሳው እዚያው ነው። አንድ ዘፈን፣ ማዶካ፣ አንድ ዘፈን ብቻ፤ ዘፋኟ ትጨርስና ታጠፊዋለሽ።

የግራው ቅላት ሰፋ።

እጄ ቀድሞኝ ሄዶ ቁልፉን ዘጋው። ዘፋኟ ወዲያው ዝም አላለችም፤ የቀረው ሙቀት እስኪያልቅ እንደሚያንቀላፋ ሰው ድምፅዋ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄደ። ከዚያ የመርፌው ጭረት ብቻ ቀረ።

«ምን አደረግሽ?» አለ አጎቴ።

«ቀለማቸው።»

«ምን ሆነ ቀለማቸው?»

«አስኳል።»

እማዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሣጥኑን አየች። «ተበላሸ ማለት ነው?» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ቋጠሮዋ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ጎንበስ ብላም ቦርሳውን ወደ ራሷ ሳበችው።

አቶ ኩዋባታ መስታወቱ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና አምፖሎቻቸውን በመሐረብ ይዘው አወጡ። አጎቴ ሣጥኑን ገለበጠው። የእኔ ሹሩባ ሁሉ ሆዱን ሰጥቶ ለሰው ታየ። ዕርቃኔን የቆምኩ መሰለኝ።

አጎቴ ያረጀ ቾፕስቲኩን አንሥቶ የበየድኳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ገፋ ገፋ ያደርጋቸው ጀመር። የተለቀቀ ካለ ይነቃነቃል። አንዱም አልተነቃነቀም። የሚነካካም ገመድ የለም። እንደገና አበራና ቴስተሩን አስደገፈ።

«ሦስት ከምናምን» አለ። ቀና አለ። «ጠዋት ሁለት ነጥብ ሰባት ነበር።»

«ነበር» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ከለካን በኋላ የነካሽው ነገር አለ?»

«የለም!»

«ማዶካ» አለች እማዬ። ስሜን ብቻ። በዚያች ቃና ስትጠራኝ ያልሠራሁትን ጥፋት ሁሉ የሠራሁ ይመስለኛል። እውነትም ራሴን ተጠራጠርኩ። ምናልባት ነክቼ ይሆን? ምናልባት ሳስተኛው ገመዱን አጣምሬ፣ ሳጣምረው... ቴስተሩን ከአጎቴ ተቀበልኩና የትንንሾቹን መቀመጫ ለካሁ። የዚያም ከፍ ብሏል። አምስት የሚበላው ዘንድ ሄድኩ። እሱም ከፍ ብሏል።

እዚያ ላይ ቆምኩ።

«አጎቴ፣ እኔ አንዱን ባበላሽ አንዱ ነው የሚያብጠው አይደል?»

«አዎ።»

«ሁሉም እኩል አብጠዋል። ሁሉም አብረው ከጠገቡ ጥፋቱ የጓዳው እንጂ የአስተናጋጇ አይደለም።»

እኔ የሣጥኑን ገመድ በእጄ ይዤ ተከተልኩት፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከጀርባው፣ በተወለወለው እንጨት ሥር አልፎ ወደ ግድግዳው። ቀኙ መሰኪያ ላይ ደረሰ። የአሜሪካኖቹ ላይ። ግራው ላይ የሻይ ውሃ ማፍያው ተሰክቷል።

«ይሄን ማን ነው እዚህ የሰካው?»

«እኔ ነኛ» አለች እማዬ። «የማፍያው ገመድ አጭር ነው፣ ወዲያኛው አይደርስም። የእናንተን ነቅዬ ወደ ጎን አዛወርኩት። ቀዳዳ ያው ቀዳዳ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም!» አልን እኔና አጎቴ እኩል።

ታች ያለው ሰውዬ ትዕግሥቱ አልቆ ሊጡን መምታት ጀመረ።

«ታዲያ ምነው አልጻፍክበትም?» አለች እማዬ ለወንድሟ።

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው? አንተና እሷ? እኛ ጋ የጨውና የስኳር በርሜል ላይ ሳይቀር ይጻፋል፣ ያውም ሃያ ዓመት የሠራን ሰዎች ባለንበት!»

አጎቴ አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ፤ የሚያየው ነገር ግን አልነበረውም። እኔ ልስቅባቸው ይገባኝ ነበር። ሁለቱንም እስከ ልጅ ልጅ የማስታውሳቸው ነገር አግኝቼ ነበር። ግን እማዬ የቦርሳውን ማንጠልጠያ አልለቀቀችም።

«እንግዲህ ሠርቷል ማለት ነው» አልኳት።

«አልሠራም። ጠፋ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«ዓይኔ እያየ ከሠራ ነው ያልኩት። ዓይኔ እያየ ጠፋ።»

«ባላጠፋው እኮ ይቃጠሉ ነበር። ባንቺ ማፍያ!»

«ሻይ ስትጠጪ አላማረርሽም።»

ስታፍር እንደዚህ ናት፤ እንደ በቅሎ ትገትራለች። ብትገፋት የባሰ ነው። ተስፋዬ ከእጄ ሲያመልጥ ይታወቀኝ ጀመር። በዚህ መሐል አቶ ኩዋባታ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። አምፖሎቹን አንዱን ከሌላው በኋላ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ተመለከቱ፤ ጆሯቸው ሥር ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ ለአጎቴ አልሰጧቸውም። ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ክሩ ደህና ነው» አሉ። «መልሺያቸው፣ ልጄ። እኔ ዘፈኑን አልጨረስኩም።»

የአቶ ኩዋባታን አምፖል ከዚያ በፊት በጣቴ ነክቼው አላውቅም ነበር። ጥፍሮቼ ነጭ እስኪሆኑ ይዤ አስገባኋቸው። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ማፍያውን ነቅዬ፣ ግራው ላይ ሰካሁ። በዚህ ጊዜ አጎቴ ሳይነገረው ቴስተሩን ይዞ ነበር። ቁልፉን ጫንኩ። «ሁለት ተኩል» አለ አጎቴ። «ሁለት ተኩል በሁለቱም።» አምፖሎቹ ካኪ ሆኑ፤ ቀኝ ሄጄም፣ ግራ ሄጄም፣ ጎንበስ ብዬም አየኋቸው፤ ካኪ ሆነው ቆዩ።

«ሸክላ እንዳታደርግ» አለ አጎቴ ለራሱ። «መጀመሪያ ባዶውን እንስማ።»

ሰማን። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ የራሴ ልብ እየደለቀ ሌላ ምን ይሰማል?

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«የምን ድምፅ?»

«ኧረ ያጉረመርማል። በዚህ በኩል።» ወደ ግራው ስፒከር አመለከተች። የቤታችንን በር በሌሊት ስንት ጊዜ ቀስ ብዬ እንደከፈትኩና ስንት ጊዜ እንደሰማችኝ የምናውቀው እሷና እኔ ነን፤ ስለዚህ አልተከራከርኳትም። ተጠግቼ ጆሮዬን ስሰጥ እውነትም አለ። ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ቂመኛ ጉርምርምታ። ሹሩባዬን ሁሉ ከንቱ ያደረገው መሰለኝ።

«የሽቦሽ አይደለም» አለ አጎቴ ፊቴን አይቶ። «ትልልቆቹ ድምፅ የሚያወጡት በዚያው በሚግለው ክር ነው፤ ስለዚህ ወዲያና ወዲህ የሚለው ኤሌክትሪክ ትንሽ ያናግራቸዋል። ለዚህ ነው ከኋላ ለእያንዳንዳቸው በመፍቻ የምትዞር ማስተካከያ ጠመዝማዛ ያደረግነው። ጉርምርምታው የሚጠፋበትን መሐል መፈለግ ነው።» እኔ ጠመዝማዛውን ለማዞር ከኋላ ነው መቆም ያለብኝ፤ ከኋላ ሆኖ ደግሞ አይሰማም። አጎቴ ወደ ስፒከሩ ሊሄድ ሲነሣ እማዬ ቀደመችው። ጉልበቷ ላይ ተቀመጠች፣ ጆሮዋን ከስፒከሩ ጨርቅ ላይ ለጠፈች።

«አዙሪ» አለች።

ጠፍጣፋውን መፍቻ አስገብቼ ፀጉር ታህል አዞርኩ።

«በዛ።»

ወደ ሌላው ወገን ወሰድኩት።

«ቀነሰ። ቀነሰ። አሁንም... አልፈሽው ሄድሽ። ምን ያጣድፍሻል? ተመለሽ።»

«እዚህ ጋ?»

«ተመለሽ አልኩሽ እንጂ ሩጪ አልኩሽ? ትንሽ። ከዚያም ያነሰ።»

«ከዚህ ያነሰ እጄ አይችልም፣ እማዬ።»

«ትንፋሽሽን ያዢ፤ ይችላል።»

ትንፋሼን ያዝኩ። መፍቻው መንቀሳቀሱን ዓይኔ አላየም፤ ጣቴ ብቻ ነው ያወቀው።

«እዚያ» አለች። «እዚያ ጋ ተይው።»

«ጠፋ?»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አቶ ኩዋባታ ወንበር ሄደች፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ ተነሡላት። ተቀመጠች። ጣሪያውን እያየች ብዙ ጊዜ ሰማች። እኔ መፍቻውን እንደያዝኩ ከሣጥኑ ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ጆሮ ሲለጥፉበት አለ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ቁጭ ብሎ ግን የለም።»

«እዚህ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው» አሉ አቶ ኩዋባታ።

አጎቴ መርፌውን ከመጀመሪያው አሳረፈ። ዘፋኟ ትንፋሿን ወሰደች። እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ዓይኔን ከአምፖሎቹ አላነሣሁም፤ ስለዚህ እማዬ ፊቷ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ዘፈኑ እንዳለቀ እማዬ ሰዓቷን አየችና «ባቡሬ» አለች። «ባቡራችን» አላለችም፤ እኔ ግን ከሰው አፍ ቃል መንጠቅ አልፈለግኩም። ቦርሳዋን ተሸክሜላት እስከ ናንባ ጣቢያ ተከተልኳት። ባዶ ቦርሳ እንደዚያ ይከብዳል?

መንገድ ላይ «ለምን አጠፋሽው?» አለችኝ። «ዝም ብትዪ አሸንፈሽኝ ነበር እኮ። እሺ ልልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የሰውዬው አምፖሎች ናቸዋ።»

ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ቦርሳውን ከእጄ ወሰደች፤ የተቃጠለውን ጣቴን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ለቀቀችው።

«የክረምት ልብስሽን በፖስታ እልክልሻለሁ» አለች። «ወፍራሙን ሹራብ። ያ ሱቅ ክረምት ላይ በረዶ ቤት ነው የሚሆነው፣ እሱ እንደሆነ የሚሞቀው አምፖል ነው።»

«እሺ» አልኩ።

«ለወንድሜ ንገሪው፣ ግድግዳው ላይ ይጻፍበት።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። የፈለግኩትን አግኝቼ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ማንም አይነቅለኝም። ታዲያ ሆዴ ለምን ባር ባር አለ? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ባበላሽ ወደ ቤት የሚወስደኝ ባቡር ነበር፤ አሁን ባበላሽ የሚተርፈኝ የተበላሸው ነገር ብቻ ነው። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጥጥ ይፈታል፤ ሌላ ምትክ የሌለው ነገር እጄ ላይ ያስቀምጣል። ለአፍታ በሩን ደብድቤ ክፈቱልኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

እማዬ ከመስታወቱ ማዶ እጇን አላወዛወዘችም፤ እንደማታደርገው አውቃለሁ። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እኔ በሁለት እጄ አወዛወዝኩላት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ። ጭራው ከዓይኔ ሲጠፋ ወደ ኒፖንባሺ ተመለስኩ። ሮጥኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሮጥኩም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የሄድኩት።